አውሮፕላኑ ይፈተሻል፤ የአብራሪው ጠባይስ?

እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1994 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው የፌርቻይልድ የአየር ኃይል ጣቢያ አንድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለአየር ትርኢት ልምምድ ያደርግ ነበር። ስምንት ሞተሮች ያሉት ይህ ግዙፍ አውሮፕላን ከምድር 80 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ የመቆጣጠሪያ ማማውን ወደ ግራ ሲዞር ከሚገባው በላይ አዘነበለ፤ ፍጥነቱም ቀነሰ። ክንፎቹ ክብደቱን ሊሸከሙ የሚችሉበት ኃይል ከዳቸውና በጎኑ ወርዶ ተከሰከሰ። በውስጡ የነበሩት አራት መኮንኖች በሙሉ ሞቱ። በመርማሪዎቹ ዘገባ ለአደጋው ምክንያት ሆኖ የቀረበው የአውሮፕላኑ ብልሽት አልነበረም።

የአውሮፕላኑ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል አርተር ሆላንድ ከ5,000 ሰዓታት በላይ የበረረ፣ በእጅ ችሎታው ጓደኞቹ የሚያደንቁት ሰው ነበር። በጣቢያው የያዘው ኃላፊነትም ሌሎች አብራሪዎች ደንብ አክብረው መብረራቸውን መገምገም ነበር። ይሁን እንጂ ከ1991 ጀምሮ በልዩ ልዩ ትርኢቶችና ልምምዶች ከተፈቀደው ከፍታ በታች ሲበር፣ አውሮፕላኑ ከተሠራበት ወሰን በላይ ሲያዘነብልና አፍንጫውን ሽቅብ ሲያቆም በብዙ ሰዎች ፊት ታይቷል፤ በፊልምም ተቀርጿል። በማርች 1994 በያኪማ የቦምብ መለማመጃ ስፍራ አንድ ሸንተረር ሲሻገር ከመሬቱ ጋር ሊነካካ ጥቂት ስለቀረው፣ ፎቶግራፍ ለማንሳት ከሸንተረሩ ላይ ቆመው የነበሩት ሰዎች ጎንበስ ለማለት ተገድደዋል።

ከያኪማው በረራ በኋላ የአንዱ ስኳድሮን አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ማርክ ማክጊሃን፣ ሆላንድ ከበረራ እንዲታገድ ለበላይ አለቃው አመለከተ። አለቃው በቃል ተግሣጽ አለፈው። ማክጊሃን በበኩሉ በሥሩ ያሉትን አብራሪዎች ከዚህ ሰው ጋር ላለመላክ ወሰነ፤ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ቢመጣ ረዳት አብራሪ ሆኖ የሚቀመጠው እርሱ ራሱ እንዲሆን አደረገ። በጁን 24 በቀኝ ወንበር የተቀመጠውም እርሱ ነበር። ባለቤቱና ሁለት ትንንሽ ልጆቹ አደጋውን ከቤታቸው ግቢ ሆነው ተመልክተዋል። ከሟቾቹ አንዱ የሆነው ኮሎኔል ሮበርት ዎልፍ ደግሞ የመጨረሻ በረራውን ያደርግ ስለነበር፣ ቤተሰቦቹና ወዳጆቹ በዓሉን ሊያከብሩለት በሜዳው ላይ ይጠባበቁት ነበር። የማክጊሃንን ማመልከቻ ውድቅ ያደረገው አለቃ በኋላ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ግዴታውን ባለመወጣቱ ጥፋተኛ መሆኑን በማመኑ በገንዘብ ተቀጥቷል።

ይህ አደጋ በአቪዬሽን ሥነ ልቡና ትምህርት ደጋግሞ የሚጠቀስበት ምክንያት ግልጽ ነው። አደገኛ የሆነው ጠባይ አልተደበቀም ነበር። ለማግኘትም ልዩ መሣሪያ ወይም ረቂቅ ፈተና አላስፈለገም። እንግዲህ «አደገኛ ጠባይ ያላቸውን አብራሪዎች አስቀድሞ መለየት ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ማየት ይገባል፤ አንደኛው ጠባዩን ማወቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው የታወቀውን ጠባይ ይዞ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ሳይንሱ ብዙ የደከመው በመጀመሪያው ላይ ነው።

አምስቱ ዝንባሌዎች

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የኤምብሪ-ሪድል የበረራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአገሪቱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባደረጉት ጥናት የአብራሪን ፍርድ የሚያዛቡ አምስት የአስተሳሰብ ዝንባሌዎችን ለይተው አውጥተዋል። እነዚህ ዝንባሌዎች እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገሮች ለጀማሪ አብራሪዎች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ደንብንና አዛዥን መጥላት ነው፤ «ማን ነው እኔን የሚያዘኝ?» የሚል። ሁለተኛው ችኩልነት ሲሆን፣ ምንም ይሁን ምን ፈጥኖ አንድ ነገር ማድረግን ይመርጣል። ሦስተኛው አደጋ በሌላው እንጂ በእኔ አይደርስም ባይነት ነው። አራተኛው ጀብደኝነት፣ አምስተኛው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሚመስለው «የእኔ ማድረግ አለማድረግ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል ተስፋ ቆራጭነት ነው።

አንባቢው እዚህ ላይ ራሱን ቢመረምር ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱን ሳያገኝ አይቀርም። የጥናቱ ባለቤቶችም ይህንኑ ያውቁ ነበር። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎችን አጥርቶ ለማባረር አይደለም፤ ተማሪው ሐሳቡ በውስጡ ሲነሣ ስሙን ጠርቶ እንዲያውቀውና ማርከሻውን ለራሱ እንዲናገር ነው። ለምሳሌ «አይደርስብኝም» ለሚለው ማርከሻው «በእኔም ሊደርስ ይችላል» ማለት ነው። ነገሩ ተራ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን በአምስት ሰከንድ ውስጥ መወሰን ያለበት ሰው ከረጅም ትንታኔ ይልቅ አጭር ቃል እንደሚጠቅመው የታወቀ ነው።

ጀብደኝነትና «አይደርስብኝም» ባይነት ሲጣመሩ የሚያስከትሉትን ውጤት ለማየት ኦክቶበር 14 ቀን 2004 በሚዙሪ ግዛት የደረሰውን አደጋ መጥቀስ ይበቃል። የፒናክል አየር መንገድ ሁለት አብራሪዎች መንገደኛ ያልጫነ ሲአርጄ-200 አውሮፕላን ከሊትል ሮክ ወደ ሚኒያፖሊስ እንዲያደርሱ ታዘው ነበር። ተመልካች አልነበረባቸውምና አውሮፕላኑ ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ ከፍታ፣ ማለትም 41,000 ጫማን፣ ለመሞከር ወሰኑ። በቀጭኑ አየር ውስጥ ፍጥነታቸው እየቀነሰ ሄዶ አውሮፕላኑ ሚዛኑን ሳተ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ በመጀመሪያ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የነገሩት የአንዱን ሞተር መጥፋት ብቻ ነበር። እውነቱን በተናገሩ ጊዜ ሊደርሱባቸው ይችሉ የነበሩት ማረፊያዎች ርቀው ነበር። ሁለቱም ሞቱ። ከፍታው በአውሮፕላኑ ፈቃድ ውስጥ የተጻፈ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጥፋቱ ያለው ወደዚያ በወጡበት መንገድና በኋላም በደበቁት ነገር ላይ ነው።

ፈተናው ለምን አይበቃም?

የአብራሪዎች ምርጫ የሥነ ልቡና ሳይንስ ካደገባቸው መስኮች አንዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በጆን ፍላናጋን የተመራው የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የሥነ ልቡና ክፍል በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ፈትኗል። ቡድኑ በሳይንስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ሙከራም አድርጓል፤ ከ1,000 በላይ አመልካቾች የፈተና ውጤታቸው ከግምት ሳይገባ ወደ ማሠልጠኛ እንዲገቡ ተፈቀደ። ይህም ፈተናው ዝቅ ያደረጋቸው ሰዎች በእርግጥ ይወድቁ እንደሆነ ለማየት ነው። ትንበያው በሚገባ ሠራ፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት በአብዛኛው ሲወድቁ ከፍተኛ ያገኙት በአብዛኛው ተመረቁ።

ነገር ግን በደንብ የተነበዩት ፈተናዎች የእጅና የእግር ቅንብርን፣ የዕይታን ፍጥነት፣ የመሣሪያ ንባብንና የመካኒክ ዕውቀትን የሚለኩት ነበሩ። ስብዕናን ለመለካት የታሰቡት መጠይቆችና የቀለም ጠብታ ሥዕሎች የጨመሩት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት መለኪያዎቹ ብዙ ተሻሽለዋል። ስብዕናን በአምስት ዐበይት ገጽታዎች የሚመድበው ዘዴ ለምሳሌ የንግድ አውሮፕላን አብራሪዎች እንደ ቡድን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በስሜት የረጉና በሥራቸው ጥንቁቆች መሆናቸውን ያሳያል። ሆኖም የቡድንን አማካይ ጠባይ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ነገ ደንብ የሚጥሰውን ግለሰብ ለይቶ ማውጣት ግን ሌላ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ተፈታኙ ራሱ ነው። «አንዳንድ ጊዜ በቁጣ የማደርገውን አላውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር የቀረበለት የአብራሪነት አመልካች «እውነት ነው» ብሎ ምልክት የሚያደርግ ሞኝ አይደለም። ሐሰተኛ መልስን ለመያዝ የተዘጋጁ ጥያቄዎች ቢኖሩም ብልህ ተፈታኝ ያልፋቸዋል። ሌላው ምክንያት ደግሞ ጠባይ ከሁኔታ ጋር የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። በ22 ዓመቱ ትሑት የነበረ ተማሪ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የሚቆጣው አለቃ በሌለበትና ሁሉም በሚያደንቀው ቦታ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት ግን የቁጥር ነው፤ ለማስረዳት እንዲመች አንድ ምናባዊ ስሌት እንሥራ። 100,000 አብራሪዎች አሉ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ አደገኛ የሆኑት 10 ብቻ ይሁኑ። ከአደገኞቹ 95 በመቶውን የሚይዝ፣ ጤናማዎቹንም 95 በመቶ በትክክል የሚያሳልፍ ፈተና አገኘን እንበል፤ እንዲህ ያለ የስብዕና ፈተና በዓለም ላይ የለም፤ ይሁን ግን። ፈተናው ከአሥሩ ዘጠኙን ወይም አሥሩን ይይዛል። ከቀሩት 99,990 ጤናማ አብራሪዎች ግን አምስት በመቶውን፣ ማለትም 5,000 ያህሉን፣ በስሕተት «አደገኛ» ይላቸዋል። እንግዲህ ጣት ከተቀሰረባቸው ከ500 በላይ ሰዎች መካከል በእውነት አደገኛው አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። የፈተናውን ትክክለኛነት ወደ 99 በመቶ ከፍ ብናደርገው እንኳ 1,000 ያህል ንጹሐን ለአሥር ጥፋተኞች ሲባል ይታገዳሉ። ይህ የፈተና አዘጋጆቹ ድክመት አይደለም፤ እጅግ ብርቅ የሆነን ነገር በሰፊ ሕዝብ ውስጥ ለመፈለግ የሚሞክር ሁሉ የሚገጥመው የይሆንታ ሕግ ነው። በብርቅዬ በሽታዎች ላይ የጅምላ ምርመራ የሚያካሂዱ ሐኪሞችም ጠንቅቀው ያውቁታል።

ሕመምና ጠባይ አንድ አይደሉም

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2015 የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ ዋናው አብራሪ ለጥቂት ጊዜ ሲወጣ በሩን ቆልፎ ኤ-320 አውሮፕላኑን በፈረንሳይ የአልፕስ ተራሮች ላይ ሆን ብሎ ከሰከሰው፤ 150 ሰዎች ሞቱ። ዓለም በአንድ ድምፅ «ይህን ሰው ማን ፈተነው?» ሲል ጠየቀ። መልሱ ግን ተፈትኖ ማለፉ ነው። በ2008 መጀመሪያ ላይ የምርጫ ፈተናዎቹን አልፎ በሴፕቴምበር ሥልጠና ጀመረ፤ በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ገደማ በድባቴ ሕመም ምክንያት አቋረጠ፤ ታክሞ በ2009 ተመለሰ። የጤና የምስክር ወረቀቱም ልዩ ማስታወሻ ተጽፎበት ነበር። ሕመሙ እንደገና ሲነሣበት ወደ በርካታ የግል ሐኪሞች ሄዷል፤ ከአደጋው ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ አንድ ሐኪም ወደ አእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እንዲገባ መክሮታል። ሆኖም የታካሚን ምሥጢር በሚጠብቀው የጀርመን ሕግ ጥብቅነት የተነሣ ለአየር መንገዱም ሆነ ለአቪዬሽን ባለሥልጣን የተናገረ አልነበረም።

የፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ ቢሮ በ2016 ባወጣው ዘገባ ያተኮረው በፈተናው ጥራት ላይ ሳይሆን በዝምታው ላይ ነው። ፈቃዱን ያጣ አብራሪ ገቢውን ያጣል፤ ለሥልጠና የተበደረው ዕዳ ይከተለዋል፤ የልጅነት ምኞቱ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሕመሙን ሲደብቅ የሚያስገርም አይደለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናትም ይህን ያጠናክራል፤ ስማቸውን ሳይገልጹ ጥያቄዎቹን ከመለሱ 1,848 አብራሪዎች መካከል 12.6 በመቶው የድባቴ ሕመም መለኪያን የሚያሟሉ ሆነው ሲገኙ፣ 4.1 በመቶው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንደነበራቸው ገልጸዋል። ከእነዚህ ሰዎች እጅግ የሚበዙት መንገደኞቻቸውን በሰላም እያደረሱ የሚኖሩ መሆናቸውን ግን አንባቢው እንዳይዘነጋ ያስፈልጋል። ድባቴ የያዘው አብራሪ ሁሉ አደገኛ ነው ብሎ መደምደም ከላይ ያየነውን የቁጥር ስሕተት መድገም ይሆናል።

ጀርመንዊንግስ የመጀመሪያው አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1982 የጃፓን አየር መንገድ ዲሲ-8 አውሮፕላን ቶኪዮ ሊያርፍ ሲል ዋናው አብራሪ የሞተሮቹን ግፊት ወደ ኋላ በማዞሩ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው በፊት ባሕር ላይ ወድቆ 24 ሰዎች ሞተዋል። አብራሪው የአእምሮ ሕመምተኛ ሆኖ በመገኘቱ በወንጀል ተጠያቂ አልሆነም። እኛንም የሚነካ ታሪክ አለ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2014፣ ከጀርመንዊንግስ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ሲበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ረዳት አብራሪው ዋናውን አብራሪ ውጭ አስቀርቶ በሩን ቆልፎ ጄኔቫ ወሰደው። ከ200 የማያንስ ሰው ተሳፍሮበት ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። በኋላ የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ረዳት አብራሪው ድርጊቱን የፈጸመው በአእምሮ ሕመም ውስጥ ሆኖ እንደነበር ተቀብሎ ሕክምና እንዲደረግለት ወስኗል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ጠላፊን ለማስቀረት የጠነከረው በር፣ ከውስጥ የሚመጣውን አደጋ ታሳቢ አላደረገም ነበር።

እነዚህን ታሪኮች ከፌርቻይልዱ ጋር አንድ ላይ መቁጠር የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ጠባይ ለዓመታት የሚዘልቅ፣ በሰው ፊት የሚገለጥ ነገር ነው፤ ሕመም ደግሞ መጥቶ የሚሄድ፣ ታማሚውም የሚሰውረው ነው። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ለአንዱ የሚያስፈልገው አለቃው እንዲደፍር ነው፤ ለሌላው ታማሚው እንዳይፈራ ነው።

ዋናው አብራሪና የሚፈራው ረዳት

አንድ አብራሪ አደገኛ የሚሆነው ብቻውን አይደለም። ማርች 27 ቀን 1977 በቴነሪፍ ደሴት ጭጋግ ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ ያለ ፈቃድ መንደርደር የጀመረው የኬኤልኤም ዋና አብራሪ ድርጅቱ በማስታወቂያው ላይ ፎቶግራፉን የሚያወጣለት፣ ሌሎችን የሚያሠለጥን ሰው ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልወጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ በእርግጠኝነት መውጣቱን ተናገረ። መሐንዲሱ ዳግመኛ አልጠየቀም። ይህን ሰው «አደገኛ ጠባይ ያለው» ብሎ የሚመዘግብ ፈተና ይኖራል ብዬ አላምንም። የሥራ ሰዓት ገደቡ እያለቀ ነበር፤ ጭጋጉ እየወፈረ ነበር፤ ቸኮለ። ጥፋቱን ወደ እልቂት የለወጠው ግን ክብሩ ነው፤ ማዕረጉ ጥያቄን ዝም አሰኘ።

በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8 አውሮፕላን በፖርትላንድ ሰማይ ላይ የማረፊያ ጎማ ችግር ሲያጣራ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነዳጁን ጨርሶ ወደቀ፤ አሥር ሰዎች ሞቱ። ነዳጁ እያለቀ መሆኑን የበረራ ባልደረቦቹ ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በለሆሳስ ነው። ናሳ በ1979 የጠራው ጉባኤና ዩናይትድ በ1981 የጀመረው ሥልጠና ከዚህ የተወለዱ ናቸው። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሰጠው የበረራ ቡድን የጋራ አመራር ሥልጠና ረዳቱ ጥርጣሬውን በግልጽ እንዲናገር፣ ዋናውም እንዲያዳምጥ ያስተምራል። ትምህርቱ ሁልጊዜ አልሠራም። በማርች 2007 በኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ የጋሩዳ ዋና አብራሪ ከመደበኛው በ87 ኖት የበለጠ ፍጥነት ይዞ አረፈ፤ የመሣሪያውን ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያና ረዳቱ «እንመለስ» ያለውን አልሰማም። 21 ሰዎች ሞቱ።

በዚህ ረገድ በ1990 የታተመ አንድ የናሳ ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት አሳይቷል። ቺደስተርና ባልደረቦቹ ሦስት ሦስት ሰው ያለባቸውን ቡድኖች ለአንድ ቀን ተኩል በሲሙሌተር አበረሩ፤ ዋና አብራሪዎቹን አስቀድመው በስብዕናቸው ለይተዋቸው ነበር። ለሥራ የሚተጉና ከሰው ጋር የሚግባቡ አዛዦች የመሯቸው ቡድኖች ሁልጊዜ ጥሩ ሠሩ፤ ስሕተታቸውም ጥቂት ነበር። ተፎካካሪ፣ ቁጡና ትዕግሥት የለሽ የሆኑት አዛዦች የመሯቸው በመጀመሪያው ቀን ደከም ብለው በሁለተኛው ቀን ከምርጦቹ ጋር እኩል ሆኑ። በሁለቱም ቀናት ደካማ የሆኑት ብዙም የማይተጉና የሚያጉረመርሙ አዛዦች የነበሯቸው ናቸው። ሁላችንም የምንፈራው ቁጡው ካፒቴን፣ ጸባዩ ከታወቀ በኋላ ሰዎች የሚላመዱት ይመስላል፤ ግዴለሹን ግን የሚጠብቀው የለም።

በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ጉዳይ ልዩ ክብደት አለው። ታላቅን ማክበር ከእናት ጡት ጋር የምንጠባው ነው። አማርኛ ራሱ «አንተ» እና «እርስዎ» ብሎ ይለያል፤ ታናሹ ታላቁን ለማረም አፉን ሲከፍት ገና ከግሱ ማዕረግ መምረጥ አለበት። ከመሬት ጋር የሚደረገው ግንኙነት በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ በወንበሮቹ መካከል ያለው ልማድ ከቤት የመጣ ነው። ለዚህ ነው «አቁሙ፣ እንመለስ» የሚለው ቃል ማንም ቢናገረው እንዲፈጸም አስቀድሞ በደንብ የሚደነገገው፤ አክብሮቱ ሳይነካ ቃሉ ይሠራል።

ማን ነው የሚያየው?

ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ሆኖ የተገኘው ሰው የሚያደርገውን ማየት ነው። ፍላናጋን ራሱ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1954፣ ያሳተመው ዝነኛ ዘዴ ጠባይን በስም ከመጥራት ይልቅ የተፈጸሙ ድርጊቶችን መሰብሰብን ይመክራል፤ «ኃላፊነት ይጎድለዋል» ከማለት «በዚህ ቀን ከዚህ ከፍታ በታች በረረ» ማለት ይሻላል። ዛሬ በየአውሮፕላኑ ያለው መመዝገቢያ በመቶዎች የሚቆጠሩ መረጃዎችን ይይዛል፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ከ2005 ጀምሮ ክብደታቸው ከ27,000 ኪሎ ግራም ለሚበልጥ የንግድ አውሮፕላኖች ይህን መረጃ መተንተንን ግዴታ አድርጓል። የበረራ ፍጥነቱ ደጋግሞ የሚበዛ፣ የማረፊያ አቀራረቡ ደጋግሞ ያልተረጋጋ አብራሪ በዚህ መንገድ ሳይከሰከስ ይታያል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሮበርት ሄልምራይክ የተመራው ቡድን ደግሞ በመደበኛ በረራዎች ላይ ስም ሳይመዘግቡ የሚታዘቡ ባለሙያዎችን አሰማርቷል። ካገኙት ነገር አንዱ፣ ትንሽ ደንብ ሆን ብለው የሚጥሱ ቡድኖች ሳያውቁ የሚሠሩት ስሕተትም እንደሚበዛ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ክትትል መረጃውን ለቅጣት ካዋሉት ይሞታል። አብራሪዎች መመዝገቢያውን እንደ ሰላይ ከቆጠሩት መልካም ውጤት አይኖርም። ስለዚህ በብዙ አየር መንገዶች መረጃው ስም ተወግዶለት ይተነተናል፤ ጉዳዩን የሚያነጋግረውም ከአለቃው ይልቅ በባልደረቦቹ የታመነ አብራሪ ነው።

የስብዕና ምክንያትን ስንፈልግ ሌላ አደጋም አለ፤ ለሁሉም ነገር ሰውየውን መውቀስ። ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር፣ ማርች 10 ቀን 2019 ደግሞ 157 ሰዎች የሞቱበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ሲወድቁ፣ በውጭ አገር ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ችሎታና ሥልጠና ለመቀሰር የቸኮሉ ሰዎች ነበሩ። ምርመራው ያሳየው ግን በአንድ መለኪያ ብቻ ተመርኩዞ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ቁልቁል የሚገፋ፣ ለአብራሪዎች በቅጡ ያልተገለጸ የኮምፒዩተር ሥርዓት መኖሩን ነው። የሰው ጠባይ ጥናት ለአምራቾች መሸሸጊያ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሳይንቲስቱም ግዴታ ይመስለኛል።

አውሮፓ ከጀርመንዊንግስ በኋላ የወሰደችው እርምጃ ሁለቱን መንገዶች ያጣመረ ነው። ከፌብሩዋሪ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት አየር መንገዶች አብራሪን ለመስመር በረራ ከማሰማራታቸው በፊት የሥነ ልቡና ግምገማ ያደርጉለታል፤ ከዚህ ጋር ግን ማንኛውም አብራሪ ሊደውልበት የሚችል የባልደረቦች ድጋፍ አገልግሎት ማዘጋጀት ግዴታቸው ነው። ስልኩን የሚያነሣው ሥልጠና የወሰደ አብራሪ ሲሆን፣ ከጀርባው የሥነ ልቡና ባለሙያ አለ። የደዋዩ ስም ለአሠሪው የሚተላለፈው ለደኅንነት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። በአሜሪካም የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2010 አራት የድባቴ መድኃኒቶችን እየወሰዱ መብረር በቅድመ ሁኔታ እንዲቻል ፈቅዷል፤ ቀድሞ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ወይ ፈቃዱን ያጣ ነበር፣ ወይም ተደብቆ ይውጠው ነበር።

ያልተፈታው ጉዳይ የትንንሾቹ ድርጅቶች ነው። በሺህ የሚቆጠሩ አብራሪዎች ባሉት አየር መንገድ የሚደውለው ሰው በብዙዎች መካከል ይሰወራል። ሃያ አብራሪዎች ብቻ ባሉት ድርጅት ውስጥ ግን ስልኩን ያነሣው ባልደረባ ደዋዩን ከመጀመሪያው ቃል በድምፁ ያውቀዋል። ደንቡ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ከሌሎች ጋር ተጋርተው ወይም በውጭ ተቋም በኩል አገልግሎቱን እንዲያቀርቡ የፈቀደው ለዚህ ነው።